መርዶ በመንገድ አይነገርም

እኛ ሰፈር፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ባለው አሚሻቭ፣ ሰው ሲሞት መርዶ የሚያረዱት አባቴ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። ጎንደር ሳሉም የሚያረዱት እሳቸው ነበሩ፤ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሥራው ተከትሏቸው መጣ።

ሥርዓት ነበራቸው። መርዶ በስልክ አይነገርም። በመንገድ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰው፣ ከቤቱ ውጪ ላለ ሰው አይነገርም። በሰንበት፣ ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ምሽት፣ ጨርሶ አይነገርም። ሰውየው ሌሊቱን አርፎ እንዲያድር ጎሕ ይጠበቃል። ጎሕ ሲቀድ አባቴ ሁለት ሦስት ሽማግሌ አስከትለው ይሄዳሉ፣ በሩን ያንኳኳሉ፣ ገብተው ይቀመጣሉ። ከዚያ «የሰጠን ወሰደ» ይላሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። ለቅሶው ሲነሣ ደግፎ የሚይዝ እጅ በዙሪያው አለ።

ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። አባቴ በማለዳ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከሕንጻው ከወጡ፣ ወደ የትኛው መግቢያ እንደሚታጠፉ ሰው በመስኮት ያያል። በሩን ያለፉት ሰው «ተመስገን» ይላል። ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ካለ በኋላም ወንድሜ እየደገፋቸው ይሄዱ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተምሩ ነበር። ሞቱን የሰማ ሰው ያልሰማውን ሰላም አይበለው። ሬሳ በሆድ ይዞ «እንደምን ዋልክ» ማለት ነውር ነው ይላሉ። አንገቱን ደፍቶ ይለፍ።

አባቴ ጎንደር የቀረች አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው። ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት፣ ሳልሞት ልያት አሉ። እናቴ ልቧ ደካማ ስለነበር ሐኪሙ አውሮፕላን ከለከላት። እኔ ኪርያት ማታሎን ካለው ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ አባቴን ይዤ ሄድኩ። በምንነሣበት ጠዋት አባቴ እሷን ጥለው መሄዱ ከበዳቸው፤ በሩን አልፈው ቆሙ። እናቴ ከውስጥ ሆና፣

«ሂዱ። እኔ ወዴት እሄዳለሁ?» አለቻቸው።

እህታቸውን በሕይወት አገኟት። እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለቱ አረጋውያን ሲገናኙ ብዙ አላወሩም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ያንን በማየቴ ዛሬም አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ቢመጣም፣ ያ ተሰጥቶናል።

ልንመለስ ስንል አባቴ ገበያ ውሰጂኝ አሉኝ። ለእናቴ አክርማ ሊገዙ ነው። እናቴ ስፌት ትሰፋ ነበር፤ እዚህ አገር የምታገኘው ሣር እየተሰባበረ ያናድዳታል። አባቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነዶውን ፈቱት፤ እያንዳንዱን ዘለላ በጣታቸው እያጠፉ መረጡ። ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል ብለው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በእጃቸው ያዙት። አውሮፕላን ውስጥም ከጭናቸው አላወረዱትም።

አውሮፕላኑ ዓርብ ማለዳ መድረስ ነበረበት። ዘግይቶ ወደ ቀትር አረፈ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ለዚህ ያደረስከን ብዬ አመሰገንኩ። የተቀመጥነው ከኋላ ነበር፤ ከእኛ በስተኋላ የነበሩት አንድ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ስልኬን ከፈትኩት። ከመክፈቴ ጠራ። ልጄ ነበረች።

ልጄ እዚህ የተወለደች ተማሪ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በዕብራይስጥ ነው። አረፋችሁ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ አያቷ ንጋት ላይ መሞቷን ነገረችኝ። በስልክ ነገረችኝ፤ እኔ ቆሜ፣ ቦርሳ ለማውረድ እጄን ወደ ላይ እንደዘረጋሁ። አልፈርድባትም። እውነትን ቶሎ መንገር ደግነት ነው ተብላ ነው ያደገችው።

ቃሉን ሰማሁት፤ ወደ ውስጥ ግን አልወረደም። «በሰደር» አልኳት፣ በዕብራይስጥ እሺ እንደማለት። ምን ለማለት እንደሆነ አላውቅም።

ወንድሜ ስልኩን ተቀበላት። ድምፁ ደርቆ ነበር። ሰንበት ሳይገባ መቀበር አለባት፤ ዓርብ ስለሆነ ቀባሪዎቹ ቶሎ ይዘጋሉ፤ ተለምነው ትንሽ እንቆያለን ብለዋል አለኝ። ዕቃውን ተዪው፣ አባን ብቻ ይዘሽ ውጪ አለኝ። ሽማግሌዎቹ መቃብሩ በር ላይ ይጠብቋቸዋል። ቤት ባይሆንም ሰው አለ፤ እዚያ ያረዷቸዋል።

«አንቺ እንዳትነግሪያቸው» አለኝ በመጨረሻ። «ብቻሽን ነሽ።»

አባቴ በመስኮቱ ውጪውን ያያሉ። ዝናብ ጥሎ ነበር፤ አስፋልቱ ያበራል። ቀብሯ ላይ ካልደረሱ ሰንበት ይገባል። በሰንበት መርዶ የለም፣ ለቅሶ የለም። ሌሊቱንና ቀኑን ሙሉ እናትሽ የት ሄደች ሲሉኝ ምን እላለሁ? ሆስፒታል ናት እላለሁ? በሰንበት እዋሻለሁ?

ከአውሮፕላን ማረፊያው ፔታ ቲክቫ ሩቅ አይደለም። ሩቁ ከመቀመጫችን እስከ አውሮፕላኑ በር ነበር።

በዚያ አውሮፕላን ሽማግሌና አሮጊት ብዙ ነበር። ሁሉም ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቀዋል። መራመድ አቅቷቸው አይደለም፤ አብዛኞቹ ከሦስተኛ ፎቅ ወርደው ጸሎት ቤት በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። አባቴ ግን እውነትም ያለ ወንበር መውጣት አይችሉም ነበር፤ እኔ ብቻዬን ደግፌ አልችላቸውም። ነገሩ በእኛ ሰው ዘንድ የታወቀ ምክር ነው። በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ በጸሎት ቤቱ ደጃፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ቲኬት ስትቆርጡ እግሬን ያመኛል በሉ ይባላል። ወንበር ያለው ሰው ገፊ አለው። ገፊው በፓስፖርቱ መስኮት ያሳልፈዋል፣ ሻንጣውን ያወርድለታል፣ ከልጁ እጅ ያደርሰዋል። ዕብራይስጥ ለማይሰማ፣ ጽሑፍ ለማያነብ ሽማግሌ ያ ወንበር አፉም ዓይኑም ነው።

ስለዚህ ወጣቶቹ ወጥተው ሲያልቁ ሽማግሌዎቹ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ ቁጭ ብለው ቀሩ። በሩ ላይ የመጡት ወንበሮች ጥቂት ነበሩ። ዓርብ ነው፣ ሠራተኛ የለም፣ ሄደው እስኪመለሱ ጠብቁ ተባለ። የሚወሰደው ከፊት ጀምሮ ነው።

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። መንገዱን ሁሉ ከአባቴ ጋር ሲጫወቱ ነው የመጡት። አሁን ከፊታቸው ያሉትን ሽማግሌ በቀልድ ይዘዋቸዋል።

«አያ፣ አዲስ አበባ ላይ ሻንጣዎን ሊያስቀድሙ ሲሮጡ አይቼዎታለሁ። እግርዎን መቼ አመመዎት?»

ሽማግሌው ሳይዞሩ፣ «ደመናው ላይ» አሉ።

«እንግዲያው ሲወርዱ ይሻልዎታል።»

«የእርስዎስ?»

«የእኔማ የቆየ ነው። ፓስፖርት ባየ ቁጥር ይነሣበታል።»

አባቴ ሳቁ። ከልባቸው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። አየኋቸው። ይህ ሳቅ ዕድሜው በጣም አጭር ነው አልኩ በልቤ።

ወደ ፊት ሄድኩ። በሩ ላይ ለቆመችው አስተናጋጅ በዕብራይስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ደግ ነበረች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወንበሮቹን ወደሚያዘው ሰውዬ ወሰደችኝ። ሰውዬው ደክሞት ነበር። እዚህ ያለው ሁሉ ታማሚ ነው፣ አንዱን አስነሥቼ ሌላውን ላስቀምጥ አልችልም አለኝ። ከወጪዎቹ ሁለት ጎረምሶች ተመልሰው እኛ እንሸከማቸዋለን አሉ። ሰውዬው ከለከለ። ሰው ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ አለ። ልክ ነው። በማንም ላይ ቂም አልያዝኩም። የሚያዝበት ሰው ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አባቴ፣

«ምን ያስቸኩልሻል?» አሉኝ።

«ሰንበት እንዳይገባብን ነው፣ አባ።»

«ገና ነው። እናትሽ እንደሁ ሁሉን አሰናድታለች።» አክርማውን በጨርቁ ላይ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። «ይህን ስታይ ምን እንደምትል ልንገርሽ? ‹አጭር አጭሩን ሸጡልዎ› ነው የምትል።»

ስልኬ በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ ነው። አላነሣሁትም። ምን እለዋለሁ? አሁንም እንደተቀመጥን ነን።

ፊቴን ከአባቴ ወደ መተላለፊያው መለስኩ። አሮጊቷ እያዩኝ ነበር። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። ጎንበስ ብለው፣ አባቴ በማይሰሙት ድምፅ፣

«ልጄ፣ ከቤት ነው?» አሉኝ።

ዓይኔን ወደ ታች ጣልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም።

ቀበቷቸውን ፈቱ። ነጠላቸውን አስተካክለው የፊቱን መቀመጫ ይዘው ተነሡ። መጀመሪያ ከኋላችን ወዳሉት ባልና ሚስት፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ጆሮ አጎነበሱ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ ቆዩ፣ መልሰው አጠለቁት፣ ተነሡ። ከዚያ እሳቸው ከፊታቸው ላለው ነገሩ፤ ያም ለሌላው። ወሬው እንዲህ ከጆሮ ወደ ጆሮ ወደ ፊት ሄደ። የደረሰበት ሁሉ ተነሣ። አንዷ እውነትም ጉልበታቸው ያበጠ ነበር፤ እያንዳንዱን መቀመጫ እየጨበጡ፣ እያረፉ ሄዱ። በሩ ላይ ወንበር ደርሷቸው የተቀመጡት ሳይቀሩ ወርደው ቆሙ።

ወንበሮቹን የሚያዘው ሰውዬ ግራ ገባው። ምን ሆኑ፣ ሁሉም ዳኑ እንዴ ብሎ በዕብራይስጥ ሲስቅ ሰማሁ።

እኔ አላለቀስኩም። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እንደርሳለን አልኩ።

አባቴ ግን ያያሉ። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር፣ የአሮጊቷ ቀልድ መስሏቸው። ከዚያ ከኋላችን የነበሩት ባልና ሚስት በአጠገባችን አለፉ። ስንሳፈር የአባቴን ትከሻ ስመው ነበር የተቀመጡት። አሁን አንገታቸውን ደፍተው፣ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዙረው አለፉ። የአባቴ ፈገግታ ቆመ። እስከ በሩ ድረስ ባዶ የሆነውን መተላለፊያ ብዙ ጊዜ አዩት።

«ሁሉም ሄዱ» አሉ።

«አዎ፣ አባ። ወንበሩ ለእኛ ደረሰልን።»

«ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ።»

ቀበቷቸውን ፈታሁላቸው።

«ልጄ።»

«አቤት።»

«መርዶ በመንገድ አይነገርም። አትንገሪኝ።»

በመተላለፊያው የሚያልፈውን ጠባብ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው መጡ፤ አሰሯቸው፤ በሩ ላይ ወደ ሰፊው አዛወሯቸው። አክርማውን እኔ ልያዝ ብላቸው አልሰጡኝም። ገፊው ነገሩን አስተናጋጇ ነግራው ይሮጥ ነበር። እኔም ከኋላው እሮጥ ነበር።

ፓስፖርት ወደሚታይበት አዳራሽ ስንገባ አየኋቸው። ያ ሁሉ ሽማግሌ ግድግዳ ተጠግቶ ቆሟል። ገፊ የላቸውም፤ የትኛው ሰልፍ የእነሱ እንደሆነ አያውቁም። ጉልበታቸው ያበጠው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ፓስፖርታቸውን በሁለት እጃቸው በደረታቸው ላይ ይዘው በላያቸው ላይ የሚበራውን ጽሑፍ ያያሉ። ያዩኝ ይመስለኛል። እኔ ገፊውን ቆም በል ማለት አልቻልኩም። ዕብራይስጥ እችላለሁ፤ ሁለት ቃል ብነግራቸው ይበቃቸው ነበር። አለፍኳቸው። በልጆቻቸው እጅ በሰላም ገብተው እንደሆነ አላውቅም። እግዚአብሔር ብድራቸውን ይክፈል፤ እኔ እንኳን አመሰግናለሁ አላልኳቸውም።

ልጄ መኪና ይዛ ውጪ ትጠብቀን ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። አያቷን ሳመች። እሳቸውም እንደ ወትሮው እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መረቋት። በመስታወቱ ውስጥ ስታየኝ ራሴን ነቀነቅኩላት፤ ዝም በይ ለማለት። ገባት። መኪናውን አስነሣች።

አባቴ አንድ ጥያቄ አልጠየቁም። ማን እንደሞተ ግን ገና አላወቁም ነበር፤ ከአተነፋፈሳቸው ይታወቃል። ይገምቱ ነበር። ሰው በልቡ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ሲጠራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የማን ስም ላይ እንደደረሱ እያሰብኩ እኔም አብሬ እቆጥር ነበር።

ፔታ ቲክቫ ገባን። ወደ አሚሻቭ የሚወስደው መታጠፊያ ደረሰ። መኪናው አልታጠፈም። አባቴ መታጠፊያውን በመስኮት ሲያልፍ አዩት። ከንፈራቸው ቆመ። ነዶውን ከጭናቸው አንሥተው ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

መቃብሩ በር ላይ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ቆመዋል። ወንድሜ ወደ መኪናው መጣ፤ አካሄዱን አይቼ እንዳልደረስን አወቅኩ። ቀባሪዎቹ ያሉትን ያህል ቆይተው ነበር፤ ከዚያም በላይ ቆይተው ነበር። ሌላ ቀብር ነበረባቸው፤ ሰንበትም ደርሷል። አፈሩ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም። አካፋዎቹን ወደ መኪና ሲጭኑ አየሁ።

ሽማግሌዎቹ ወደ አባቴ ቀረቡ። ከመካከላቸው አንዱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

«ሰንበት ሊገባ ነው» አሏቸው። «እሑድ ቤቴ ኑ።»

ከመቃብሩ በር ተሽከርካሪ ወንበር ተገኝቶ አስቀመጥናቸውና እስከ ረድፉ ጫፍ ገፋኋቸው። ከዚያ ወዲያ በመቃብሮቹ መሐል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። መንኮራኩሮቹ አይገቡም። አውሮፕላን ላይ ያን ያህል የለመንኩት ዓይነት ወንበር እዚያ ቆመ። ወንድሜ በጀርባዬ ልዘልዎ አላቸው። እምቢ አሉት፤ እሱም ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሰ። ከሩቅ አዲሱ አፈር ይታያል፤ ዝናብ አርሶት ጠቁሯል። መሬቱ ያዘቀዝቃል። እጄን ከወንበሩ ብለቅ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ እኔም አልሄድኩም። እናቴን ከዚያው ሆኜ ተሰናበትኳት፣ ሁለት እጄ የወንበሩን እጀታ እንደያዘ።

ሰንበት ገባ። አባቴ ባረኩ። በላን፣ ወይም እንደሚበላ ሰው ተቀመጥን። የእናቴ ቦታ ባዶ ነበር። አባቴ የት ሄደች አላሉም። አንድ ጊዜም አላሉም። ያንን ስፈራ ነበር፤ ባለመጠየቃቸው ግን የባሰ ሆነ። እሳቸው ያውቃሉ፣ እኔ አውቃለሁ፤ እንደማያውቅ ሰው አብረን ዋልን። በሰንበት ማዘን አይገባም። እኔ ሕጉን ጠብቄያለሁ፤ ምን እንዳስከፈለኝ ሕግ የሰጠን ያውቃል።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ አባቴ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ተነሥተው ነበር። ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ። ወንድሜ፣ ልጄና እኔ ግድግዳው አጠገብ ቆምን።

ማንም አልጀመረም። አንዱ ሌላውን ያያል፤ ሌላው ወለሉን። ሁልጊዜ ከአባቴ ኋላ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ሁልጊዜ የሚናገሩት አባቴ ነበሩ። በመስኮቱ ብርሃን ገባ።

አባቴ ጠበቁ። እንደሚነገረው ሰው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። የሚነግራቸው እንደሌለ ሲያዩ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። «አንቺንም በሥርዓቱ ያረዳሽ የለም።»

ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ ትከሻዬን ያዘች።

«የሰጠን ወሰደ» አሉ።

ከዚያ የእናቴን ስም ጠሩ። አባቴ እናቴን «አንቺ» ነበር የሚሏት፤ ለሰው ሲያወሩም «የልጆቹ እናት» ነበር የሚሏት። በስሟ ሲጠሯት የሰማሁት ያን ጠዋት ነው።